ቤን ሆጋን፦ በግራ አንጓው ዓለምን ያሸነፈው ሰው

ሳቢያን ውስጥ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቀኝ እግረኛ በውስጥ እግሩ ቆርጦ ሲመታት ኳሷ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ በውጭ እግሩ ከመታት ወደ ቀኝ። ቁርጭምጭሚቱ ከላላ ግን የት እንደምትሄድ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ጎልፍም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚያ የቁርጭምጭሚትን ሥራ የሚሠራው የግራ እጅ አንጓ ነው። አሜሪካዊው ቤን ሆጋንም ወጣትነቱን የጨረሰው ከዚህች አንጓ ጋር ሲታገል ነው።

ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1912 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ልጁ ገና 9 ዓመቱ ሳለ ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀና ቤን ፎርት ዎርዝ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ ማዞር ጀመረ። (የባቡር ጣቢያ ኑሮ ለድሬ ሰው አይነገረውም።) በ11 ዓመቱ ግሌን ጋርደን የጎልፍ ክለብ ገብቶ የሀብታሞችን ዱላ ተሸካሚ ሆነ። ኋላ ባላንጣው የሆነው ባይረን ኔልሰንም እዚያው ዱላ ይሸከም ነበር።

በ1930 ፕሮፌሽናል ቢሆንም ኪሱ እየነጠፈ ደጋግሞ ቤቱ ተመለሰ። ችግሩ ኳሷ ነበረች። ሲመታት በኃይል ወደ ግራ እየታጠፈች ዛፍ ውስጥ ትገባለች። በግሉ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው በ1940 ነው፤ አስር ዓመት መሆኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኳሷ የምትነሳው በአብዛኛው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነው። የግራ አንጓ ወደ መዳፉ ሲታጠፍ ፊቱ ይዘጋል፣ ወደ እጁ ጀርባ ሲታጠፍ ይከፈታል። ሆጋን በ1946 መፍትሔውን አገኘ። የግራ አውራ ጣቱን በዱላው እጀታ ላይ ትንሽ ወደ ግራ አዞረ፤ ዱላው ከላይ ሲደርስ ደግሞ አንጓውን ወደ ጀርባ አጠፈ። ፊቱ ስለተከፈተ ከዚያ በኋላ በቀኝ እጁ ያለውን ጉልበት ሁሉ ቢለቅበት ኳሷ ወደ ግራ አትሸሽም። ኳሷን ሲነካ ግን አንጓው በተቃራኒው ወደ ዒላማው ይቀስታል። በዚያው ዓመት የፒጂኤን ሻምፒዮና፣ በ1948 ደግሞ የአሜሪካን ኦፕን ወሰደ።

የካቲት 1949 ላይ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። በጭጋግ ውስጥ ሲነዳ አውቶብስ ፊት ለፊት መጣበት። ሚስቱን ቫለሪን ለማዳን በላይዋ ላይ ተወረወረ፤ መሪው የተቀመጠበትን ወንበር በስቶ አለፈ። ሚስቱን ያዳነበት ነገር እሱንም አዳነው ማለት ነው። ዳሌው፣ የአንገት አጥንቱና የግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበሩ። የረጋ ደም ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ሐኪሞች ትልቁን የደም ሥር ቋጠሩት። ከዚያ ወዲህ እግሩ እንዳበጠ ቀረ። መራመዱም ያጠራጥር ነበር።

በ16ኛው ወር ሜሪየን ላይ የአሜሪካ ኦፕን ውስጥ ተገኘ! እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ተጫወተ፤ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ወጣ። በማግስቱ በመለያው ሌላ 18 ጉድጓድ። ሆጋን በ69 ምት ጨረሰ፣ ሎይድ ማንግረም በ73፣ ጆርጅ ፋዚዮ በ75። የእግር ኳስ ሰው ይህን በጉዳት ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ከመጫወት ጋር ያወዳድረው።

በ1953 ስድስት ውድድር ገብቶ አምስቱን በላ። ማስተርስን፣ የአሜሪካና የብሪታኒያ ኦፕንን ጠቀለለ። አራተኛው ትልቅ ውድድር ቀኑ ከብሪታኒያው ጋር ስለተጋጨ አልገባበትም። በ1955 ግን የአሜሪካ ኦፕንን በመለያ ጨዋታ የነጠቀው ጃክ ፍሌክ የተጫወተው ሆጋን ራሱ ባመረተው ዱላ ነበር።

የአንጓውን ሚስጥር በዚያው ዓመት ለላይፍ መጽሔት ገለጠ። ብዙዎች ግን ግማሹን ደብቋል ብለው እስከ ዛሬ ይጠረጥሩታል። የሆጋን መድኃኒት ደግሞ ለሁሉም አይሆንም፤ ኳሱ ወደ ቀኝ የሚሸሽበት ጀማሪ አንጓውን እንደሱ ካጠፈው ይብስበታል። ሆጋን በዘጠኝ ትልልቅ ዋንጫዎች ተጫውቶ ጨርሶ ሐምሌ 1997 ፎርት ዎርዝ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ።