ሉዊጂ ጋልቫኒና የነርቭ ኤሌክትሪክ

ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠውን ቆርቆሮና ቧንቧ ጋልቫናይዝድ እንለዋለን፤ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካውንም መሣሪያ ጋልቫኖሜትር ብለን እንጠራዋለን። ከእኛ ከመሐንዲሶች መካከል የሉዊጂ ጋልቫኒን ስም ሳያነሣ የሚኖር የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጋልቫኒ ብረት ለባጭም ሆነ መለኪያ ሠሪ አልነበረም። ሐኪምና የአናቶሚ መምህር ነበር። የደከመበትም ጥያቄ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ምንድን ነው የሚል ነበር። የሰጠው መልስ በዘመኑ ተሸነፈ፤ ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ግን መሠረቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ቀጥሎ በአጭሩ እናያለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጋልቫኒ በኢጣሊያ በቦሎኛ ከተማ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1737 ተወለደ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ፍልስፍና ተምሮ በ1759 ተመረቀ። የመምህሩን የጋሌያትሲን ልጅ ሉቺያን አገባ፤ እርሷም በምርምር ሥራው ትረዳው ነበር። በዩኒቨርሲቲው አናቶሚን፣ በከተማው የሳይንስ ተቋምም የማዋለድን ሕክምና ያስተምር ነበር።

ከ1780 ገደማ ጀምሮ የእንቁራሪትን የኋላ እግሮች ከነነርቮቻቸው እያወጣ መመርመር ያዘ። ከዕለታት አንድ ቀን ረዳቱ ነርቩን በቢላዋ ጫፍ ነካ ሲያደርግ፣ ራቅ ብሎ ከቆመው በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ መሣሪያ ብልጭታ ወጣ፤ በዚያው ቅጽበት እግሩ ተወራጨ። መሣሪያውንና እግሩን የሚያገናኝ ሽቦ አልነበረም። በ1786 ደግሞ እግሮቹን በናስ መንጠቆ እያንጠለጠለ በቤቱ ሰገነት የብረት አጥር ላይ ሰቀላቸው። ዓላማው የሰማይ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳቸው እንደ ሆነ ለመመልከት ነበር። ነገር ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ እንኳ መንጠቆው ከአጥሩ ብረት ጋር በተነካካ ቁጥር እግሮቹ ይኮማተሩ ነበር።

ጋልቫኒ ከዚህ ተነሥቶ ኤሌክትሪኩ በእንስሳው አካል ውስጥ ያለ ነው ብሎ ደመደመ። በሐሳቡ ጡንቻው በዚያን ጊዜ ካፓሲተር ሆኖ የሚያገለግለውን የላይደን ማሰሮ ይመስላል፤ ውስጡና ውጭው ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፣ ነርቩም አስተላላፊ ሽቦ ይሆናል። ይህንንም በ1791 አሳትሞ አወጣ።

የፓቪያው የፊዚክስ መምህር አሌሳንድሮ ቮልታ ሙከራውን በ1792 ደግሞ ሠራው። መጀመሪያ አደነቀ፤ ሲመረምር ግን እንቅስቃሴው የሚበረታው ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ሲነካኩ መሆኑን ተገነዘበ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጩት ብረቶቹ ናቸው፣ የእንቁራሪቱ እግር መለኪያ ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ጋልቫኒ ያቀረበው መልስ ጽኑ ነበር። በ1794 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምንም ብረት ሳይኖር የተቆረጠው ነርቭ ጡንቻውን ሲነካ እግሩ እንደሚኮማተር አስረዳ። በ1797 ደግሞ የአንዱን እግር ነርቭ ከሌላው እግር ነርቭ ጋር ብቻ በማነካካት ውጤቱን አጠናከረ።

በዚህ መካከል የአገሩ ሁኔታ ተለወጠ። በ1796 የናፖሊዮን ጦር ቦሎኛን ያዘ፤ በተከታዩም ዓመት የሲሳልፒና ሪፐብሊክ ተመሠረተ። አዲሱ መንግሥት መምህራን የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ ባዘዘ ጊዜ፣ ጋልቫኒ መሐላው ከእምነቱ ጋር ስለ ተጋጨበት በ1798 እምቢ አለ። በዚህም ምክንያት ወንበሩንና ደመወዙን አጣ። በኋላ ስለ ዝናው ሲባል ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወስኖለት ነበር፤ ነገር ግን ውሳኔው ሳይፈጸም በዲሴምበር 4 ቀን 1798 አረፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1800፣ ቮልታ በጨው ውሃ የተነከረ ወረቀት በብርና በዚንክ ሰሌዳዎች መካከል እየደረደረ የመጀመሪያውን ባትሪ መሥራቱን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተወለደው ከዚህ ባትሪ በመሆኑ፣ ዓለም የቮልታን ወገን ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም።

ጋልቫኒ የጎደለው ማስረጃ ሳይሆን የአዮን ዕውቀት ነበር። ጀርመናዊው ኔርንስት በ1880ዎቹ መጨረሻ በአዮኖች ክምችት ልዩነት የሚፈጠረውን ቮልቴጅ የሚያሰላ ቀመር አወጣ፤ በርንሽታይንም በ1902 ይህንኑ ለነርቭ ተጠቀመበት። ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉት እንግሊዛውያን ደግሞ በ1939 ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ቮልቴጁን በቀጥታ ለኩ። ሙሉውን ስሌት በ1952 አሳተሙ፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በስኩዊድ ነርቭ ውስጥ ያለው የፖታሲየም ክምችት ከውጭው 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ሶዲየም ግን በውጭ ይበዛል። በዕረፍት ጊዜ የሕዋሱ ሽፋን በይበልጥ የሚያሳልፈው ፖታሲየምን ነው። ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲያፈተልክ ውስጡ አሉታዊ ይሆናል፤ የኤሌክትሪኩ ስበት ፍሰቱን እስኪገታውም ድረስ ይቀጥላል። በኔርንስት ቀመር 20 እጥፍ ልዩነት 75 ሚሊቮልት ያህል ይሰጣል፤ በነርቭ ላይ የሚለካውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቮልቴጁ ትንሽ ቢመስልም የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሜትር ከ10 ሚሊዮን ቮልት ይበልጣል፤ አየር ግን በ3 ሚሊዮን ገደማ ይበሳል። መልእክት ሲመጣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህልም ውስጡ አወንታዊ ይሆናል። ከዚያም ፖታሲየም ወጥቶ የቀድሞውን ሁኔታ ይመልሳል። የክምችቱን ልዩነት የሚጠብቀው ዴንማርካዊው ስኮ በ1957 ያገኘው ፓምፕ ሲሆን፣ ሦስት ሶዲየም ባወጣ ቁጥር ሁለት ፖታሲየም ያስገባል።

እንግዲህ ነርቭ ጋልቫኒ እንዳሰበው ተራ ሽቦ አይደለም። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በርዝመቱ ይጓዛሉ፤ በነርቭ ግን አዮኖች ሽፋኑን እያቋረጡ በየቦታው ምልክቱን እንደገና ያድሱታል፣ በረጅም የስልክ መስመር ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ እንደሚያደርገው ሁሉ። የኤሌክትሪኩ ፈሳሽ በአንጎል ውስጥ ይዘጋጃል ማለቱም ስሕተት ነበር። ነገር ግን ሙሉ በውስጥና በውጭ ተለያይቶ ይቀመጣል ያለው ትክክል ነው። የነርቭ ሽፋን በካሬ ሴንቲሜትር 1 ማይክሮፋራድ ያህል የሚይዝ ካፓሲተር ነውና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ቮልታ ስለ ብረቶቹ፣ ጋልቫኒም ስለ ነርቩ እውነቱን ይዘው ነበር። በ1794 ያለ አንዳች ብረት የተኮማተረው እግር ኤሌክትሪኩን የሚያመነጩት ብረቶቹ ናቸው በሚለው ሐሳብ ሊብራራ አይችልም ነበር፤ በባትሪው ድምቀት ምክንያት ግን ለብዙ ዓመታት ተዘነጋ። እኛም በሥራችን ከቀመራችን ጋር የማይገጥም ትንሽ ንባብ በመለኪያው ላይ ባየን ጊዜ፣ የመሣሪያው ጉድለት ነው ብለን ከማለፋችን በፊት ያን እግር ብናስታውስ መልካም ነው።