ጨረቃን ለልጅ ያወረደው ዓይነ ስውር

ልጆቻችንን የምናስተኛባቸውን ተረቶች ማን ፈጠራቸው ብሎ መጠየቅ ብዙም አልተለመደም። የእኛ ተረት ባለቤት የለውም፤ ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ የሚመልስ ካገኘ ይበቃዋል። የፈረንጆቹ ግን ብዙውን ጊዜ ደራሲው ይታወቃል። በሙያዬ መሐንዲስ ብሆንም፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የእነዚህን ደራሲዎች ሕይወት ማገላበጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እስቲ ዛሬ፣ የምኖርባት የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ስለ ወለደችው ስለ ጄምስ ተርበር ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተርበር የተወለደው ዲሴምበር 8 ቀን 1894 ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ በቀስት ሲጫወቱ የወንድሙ ፍላጻ ግራ ዓይኑን አጠፋው። በ1913 ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሆኖም በጊዜው ግዴታ የነበረውን የውትድርና ትምህርት በዓይኑ ምክንያት ሊያሟላ ስላልቻለ በ1918 ያለ ዲግሪ ወጣ።

በዋሽንግተንና በፓሪስ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምስጢር ጽሑፍ ሠራተኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ተመልሶ የኮሎምበስ ዲስፓች ጋዜጣ ዘጋቢ ሆነ። በ1927 ደግሞ ኒው ዮርክ ሄዶ ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ተቀጠረ። እዚያ ቢሮ የተጋራው ኢ. ቢ. ኋይት፣ በኋላ በ1952 የሸረሪቷንና የአሳማውን ታሪክ ቻርሎትስ ዌብን ያወጣው ሰው ነው። ተርበር እየሞነጫጨረ የሚጥላቸውን ሥዕሎች ከቅርጫት እያነሳ ለኅትመት ያበቃለትም እሱ ነበር። ተርበር በሥዕሎቹና ለአዋቂዎች በሚጽፋቸው ቀልዶች ስሙ ገነነ።

ይሁንና ቀሪው ዓይኑም እያደር ደከመ። በ1940 እና በ1941፣ 5 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም የረባ ለውጥ አልመጣም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ለልጆች የጻፋቸው 5 መጻሕፍት በሙሉ የታተሙት ከዚህ በኋላ ነው። ድርሰቱን በጭንቅላቱ አዘጋጅቶ፣ እዚያው አርሞና አስተካክሎ ሲያበቃ በቃሉ ያጽፍ ነበር። ይህን ሳነብ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ የሚዘርፉት የአብነት ትምህርት ቤት መምህሮቻችን ትዝ ይሉኛል።

በ1943 የወጣው «ብዙ ጨረቃዎች» ጨረቃ ካልመጣችልኝ ብላ ስለ ታመመች ልዕልት ይተርካል። የንጉሡ ባለሟል፣ ጠንቋዩና የሒሳብ ሊቁ የጨረቃን ርቀትና ግዝፈት እየቆጠሩ አይቻልም አሉ። የቤተ መንግሥቱ አጫዋች ግን ልጅቱን ራሷን ጠየቃት። ጨረቃ ከአውራ ጣቷ ጥፍር እንደማትበልጥና ከወርቅ እንደተሠራች ነገረችው፤ ወርቅ ሠሪው ሠራላት፤ ዳነች። ጥያቄውን ሳይሰሙ ስሌት ለመጀመር ለምንቸኩል መሐንዲሶች ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

የ1950ው «13ቱ ሰዓቶች» ደግሞ ስድ ንባብ መስሎ በየመሐሉ ቤት ይመታል። ሥዕሎቹን ማርክ ሲሞንት ሣለለት፤ እሱ ማየት አልቻለምና። የጆሮ መጽሐፍ ነው፤ ጮክ ተብሎ ካልተነበበ ግማሹ ይጠፋል።

በ1951 ያ ያለ ዲግሪ የወጣበት ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊሰጠው ፈለገ። በዚያው ዓመት ግን የዩኒቨርሲቲው ቦርድ፣ እንግዳ ተናጋሪዎች በፕሬዚዳንቱ ሳይፈቀድላቸው እንዳይጋበዙ ደንግጎ ነበር። ኮሚኒስት የማደን ዘመን ነው። ተርበር የትውልድ ከተማውን ክብር አልቀበልም አለ። ሐሳብን መናገር በተከለከለበት አገር ያደግን ሰዎች የዚህን እምቢታ ክብደት ማንም ሊያስረዳን አያሻም።

ከ6 ዓመት በኋላ «ድንቋ ኦ» ወጣች። የባሕር ወንበዴዎች አንዲት ደሴት ወርረው ኦ የምትባለውን ፊደል ከየቃሉ ያባርራሉ። ሕዝቡ በመጨረሻ ሊያጣቸው የማይገባ 4 ቃላት እንዳሉ ይረዳል፤ ተስፋ፣ ፍቅር፣ ጀግንነትና ነፃነት። በእንግሊዝኛ አራቱም ኦ አለባቸው። በእኛም ሞክሩት፤ ፈን ከነዘርማንዘሯ ከገበታው ብናባርራት ተስፋ፣ ፍቅር፣ ድፍረትና ፍትሕ አብረዋት ይሰደዳሉ። እኔ ይህችን መጽሐፍ ከ1951ዱ እምቢታ ለይቼ ማንበብ አልቻልኩም።

የመጨረሻ ዓመታቱ መልካም አልነበሩም። መጠጥና ቁጣ በርትተውበት ወዳጆቹን አስቀይሟል። ኖቬምበር 2 ቀን 1961 በ66 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ፤ መቃብሩ እዚህ ኮሎምበስ፣ ግሪን ሎን ነው። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን የሰጠው በ1995፣ ከሞተ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በተማሪነቱ ከቤተሰቡ ጋር የኖረበት የጄፈርሰን አቬኑ ቤትም በ1984 ለጎብኚዎችና ለጸሐፊዎች ተከፍቷል።

ኮሎምበስና አካባቢዋ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጎራ በሉ። ማታ ደግሞ መብራቱን አጥፉና ከእኛዎቹ ተረቶች አንዱን በአማርኛ አውጉላቸው። ተርበር እንዳሳየን ተረት ያለ ዓይን ይኖራል፤ ያለ ሰሚ ጆሮ ግን አይኖርም።