ስለ አናሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ስለ ተከለከለው ስብከቱ

ይህን የምንጽፈው በአቃቂ ቃሊቲ በገላን ኮንዶሚኒየም ተቀምጠን ነው። በዚህ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ፥ ቋንቋቸውም አማርኛና ኦሮምኛ፥ ሌላም ነው፤ ለቅሶ በሆነ ጊዜ ግን በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። በእንዲህ ያለ ድንኳን አንድ ወጣት ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቀን ስሙን ነገርነው፤ ካህናት ስለ ምን እንደ ከሰሱት ሲጠይቀን ግን መልሱ ከድንኳን ወሬ የሚረዝም ሆነብን። ስለዚህ ታሪኩን በጽሑፍ ልናቀርብ ወደድን።

አናሲሞስ በ1848 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነቱ አባቱ ሞተበት፤ ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት፥ ከእጅ ወደ እጅም እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1862 ዓ.ም. ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና በእምኩሉ በነበሩት በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ አደገ። በ1864 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ፥ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት በተጠቀሰው ባሪያ ስም አናሲሞስ ተባለ። ወደ ስዊድንም ሄዶ አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ።

በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ቢሞክርም መንገዱ ስላልተከፈተለት፥ በእምኩሉ ተቀምጦ ትርጕሙን ያዘ። ነገር ግን በልጅነቱ ከወገኖቹ የተለየ ሰው ስለ ነበረ ቃላት አጠሩት። ይህን ጉድለት የሞላችለት እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ስሟ ከእርሱ ስም በታች ተሸፍኖ መቅረቱን እኛ አንወደውም። አዲስ ኪዳን በ1885፥ ሙሉው መጽሐፍም በ1891 ዓ.ም. ታተመ።

በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገባ። አገረ ገዢው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፥ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፥ በክብር ተቀበሉት። አናሲሞስ በኦሮምኛ ሰበከ፥ ሕዝቡም ሰማው። በዚያ የነበሩ ካህናቶቻችን ግን ኦሮምኛ አያውቁም ነበር። ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ቤት ገመና መግለጣችን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበረ። እመቤታችንን ሰድቧል ተብሎ ተከሰሰና በ1898 ዓ.ም. ከአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። ክሱ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ የአምላክ እናት ክብር የሚነካበትን ቃል አንታገሥም፥ የሚሲዮኑንም ትምህርት አንቀበልም። ይሁን እንጂ የሕዝቡ ጆሮ ወደ እርሱ ያዘነበለው ስድብ ሽቶ ሳይሆን፥ በሚሰማው ቋንቋ ስለ ተነገረው ነበር። አቡነ ማቴዎስም ከግብፅ የመጡ አባት ስለ ነበሩ፥ ቋንቋ ለሰባኪ ምን ያህል እንቅፋት እንደሚሆን ከማንም ይልቅ ሊያውቁት ይገባ ነበር እንላለን። አቡኑ ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱ፥ መስበክን ግን ከለከሉት።

ይህ ፍርድ ለሁለቱም ወገን መካከለኛ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሰባኪው ዝም ሲል መጽሐፉ ዝም አላለም፤ አናሲሞስ በትምህርት ቤት እንዲያስተምር ስለ ቀረ፥ ልጆች በዚያ ያነበቡትን በየቤታቸው እንዳይናገሩ የሚከለክል ዘበኛ አልነበረም። ያም ሆኖ ዐሥር ዓመት ያህል ስደት ያሰጋው ነበር። በ1908 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ይሰብክ ዘንድ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጡት። እርሳቸው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱን የሻረ አልተገኘም፤ አናሲሞስም ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሰበከ። ከእርሱ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ፤ ቅድመ ምርመራ በሕገ መንግሥት የተከለከለው በ1987 ዓ.ም. ነው።

ለወጣቱ በመጨረሻ የነገርነው አንድ ነገር ቀረ። ያ መጽሐፍ የታተመው ከግእዝ በመጣው በእኛው ፊደል ነው። ወደ ነቀምቴ የተላከ ካህን ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ፥ መጽሐፉን ከፍቶ በሕዝቡ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብበው ይችል ነበር።