አባ ሰላማ ከጵጵስናቸው በፊት

አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን በሥዕል የምናያቸው ሁልጊዜ የጵጵስና ልብስ ለብሰው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገና ተራ ምእመን ሳሉ የሠሩት ሥራ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆችን ይዞ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። መርከባቸው ለውሃና ለስንቅ ወደብ ሲይዝ፣ የዚያ ሰዎች ከሮማውያን ጋር ተጣልተው ነበርና ተሳፋሪውን ፈጁት። ልጆቹን ግን ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አግኝተው አዘኑላቸውና ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ሒሳቡንና ጽሕፈቱን ያዘ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነፃ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ በአስተዳደር እንዲያግዟት ስለ ለመነቻቸው ቀሩ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ ሲገባ ከሮማ ግዛት ለንግድ ከመጡት መካከል ክርስቲያኖቹን ፈልጎ አገኛቸው። በየቦታው እየተሰበሰቡ የሚጸልዩበት ቤት እንዲያበጁ መከራቸው፤ ቦታ ሰጣቸው፤ የጎደለውንም ሞላላቸው። ቄስ እንኳ አልነበረም እኮ! እድር ያቋቋመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ሰው ይፈለጋል፣ ከዚያ መሰብሰቢያ፣ ድንኳኑና ዕቃው በኋላ ይመጣል።

ልዑሉ ሲያድግ ሁለቱም የያዙትን አስረክበው ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሰገሰ፤ እዚያም ቄስ ሆነ። ታሪኩን ለጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እሱ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ ዘመዶቹ ከመሄድ ይልቅ እስክንድርያ ወርዶ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ እረኛ እንደሌለው ለፓትርያርኩ ለአትናቴዎስ አስረዳ፤ ጳጳስም እንዲላክ ለመነ። አትናቴዎስ ከሱ የተሻለ ሰው አላገኘም፤ እሱኑ ሾሞ መለሰው።

ጨረቃ ይቀረጽበት በነበረው በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ በኋላ መስቀል ገባ። በ356 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ደግሞ ቄሣር ቆስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳዶ፣ አባ ሰላማም ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላኩ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጻፈ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተገልብጦ እስከ ዛሬ አለ።

ዕረፍታቸው በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን ይታሰባል።