አባ ጎርጎርዮስ

አባ ጎርጎርዮስ (1595 ገደማ – 1658 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያዊ ካህንና የግዕዝና የአማርኛ ሊቅ ነበሩ። የተወለዱት ዛሬ በወሎ በሚገኘው መካነ ሥላሴ ነው። ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ወግነው ካቶሊክ ሆኑ፤ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ በኋላ ተሰደው ሮማ ደረሱ።

በ1649 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ሮማ ድረስ ሄዶ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ጀምሮት ነበር እንጂ የሚናገር ሰው አላገኘም። ሁለቱ ውለው አድረው የሚግባቡት በግዕዝ ሆነ። በ1652 እ.ኤ.አ. በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ሄደው ለጥቂት ወራት አብረው ሠሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ አባ ጎርጎርዮስ በላቲን ሰዋስው ሥርዓት አልተማሩም። ለምሳሌ የኃላፊ ቦዝ አንቀጽን እንመልከት። ላቲን «ስክሪቤሬ» (መጻፍ) ከሚለው ግስ «ስክሪፕቱስ» (የተጻፈ) ይላል፤ የእሱ ልጅ ፖርቱጋልኛም «እሽክሪቱ» ይላል። ግዕዝ ግን ከ«ጸሐፈ» «ጽሑፍ» ያወጣል። አውሮፓውያኑ የቃሉን መድረሻ ሲለውጡ ግዕዝ አናባቢውን ከውስጥ ይለውጣል፤ «ቡሩክ»ና «ቅዱስ»ም እንዲሁ ናቸው። ይህን የሚያሳየው ምሳሌ እንጂ ስያሜ አይደለም፤ ምሳሌ ሰጪው ደግሞ ቋንቋውን የሚኖረው ሰው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው ከ3 ዓመት በኋላ፣ የአማርኛው ደግሞ ከ40 ዓመት በኋላ በ1698 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለቱም ርዕስ ገጽ ላይ ደራሲ ተብሎ የሠፈረው ሉዶልፍ ብቻ ነው።