የፋበርዤን እንቁላሎች ማን ሠራቸው? የካርል ፋበርዤ ሕይወት ከሐርላ ሲታይ

በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር በምትገኘው ሐርላ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት ከ2015 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የመካከለኛው ዘመን የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ ተገኝቷል። የመስታወት ዶቃ፣ ካርኔሊያንና ክሪስታል ከመሬት ወጥተዋል፤ የአንጥረኞቹ ስም ግን አልደረሰንም። የካርል ፋበርዤ ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ስሙ ከዕቃዎቹ በላይ ገንኗል። ይሁን እንጂ የሠሪው ማንነት ጥያቄ በእርሱም ላይ ይነሣል።

ፋበርዤ በ1846 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ ጉስታቭ ከፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ስደተኞች የሚወለድ ጌጥ ሠሪ ሲሆን፣ በከተማዋ በ1842 ሱቅ ከፍቶ ነበር። ልጁ በድሬስደን ከተማረ በኋላ በ1872 የአባቱን ሥራ ተረከበ። በሄርሚታዥ ሙዚየም ጥንታዊ ጌጦችን ሲጠግን የቀደምት አንጥረኞችን ብልሃት በቅርብ አጠና። በ1882 በሞስኮው ዐውደ ርእይ ድርጅቱ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ ከታዩት ሥራዎች መካከል የጥንታዊ እስኩቴስ ጌጦች ቅጂ ይገኝበታል፤ ቅጂውን በእጁ የሠራው ግን ኤሪክ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ባለሙያ ነበር።

በ1885 ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛ ለእቴጌይቱ የፋሲካ ስጦታ አዘዘ። ስጦታው እንቁላል የሆነበትን ምክንያት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያዳግትም፤ በዐቢይ ጾም የተከለከለው እንቁላል በፋሲካ ማዕድ ላይ የደስታ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ነጭ ኢናሜል የለበሰው ቅርፊት ሲከፈት የወርቅ አስኳል፣ በአስኳሉም ውስጥ የወርቅ ዶሮ ይታያል። ንጉሡ በየዓመቱ ያዝዝ ጀመር። ልጁ ኒኮላይ 2ኛ ለእናቱና ለሚስቱ ሁለት ሁለት አሠራ፤ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ በ1904 እና በ1905 ብቻ ተቋረጠ። እስከ 1916 ድረስ ለሁለቱ ነገሥታት 50 እንቁላሎች ተሰጥተዋል።

በእነዚህ ላይ የፋበርዤ እጅ አለበት ማለት ያስቸግራል። የእርሱ ድርሻ ንድፍ ማጽደቅ፣ ባለሙያ መምረጥና ጥራትን መቆጣጠር ነበር። ሥራውን በየክፍሉ የሚመሩት አለቆች በዕቃው ላይ የራሳቸውን የስም ምልክት ያትሙ ነበር። ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘው ሚኻኢል ፔርኺን እስከ 1903፣ ከእርሱም በኋላ ሄንሪክ ቪግስትሮም ዋና ዋናዎቹን እንቁላሎች አሠርተዋል። የ1913ቱን የክረምት እንቁላል የነደፈችው አልማ ፒል የተባለች ወጣት ሴት ናት። በእኔ አስተያየት ፋበርዤን እንደ አንጥረኛ ሳይሆን እንደ መሥሪያ ቤት መሪ ማጥናት ይበልጥ ያስረዳል። ምልክት ማተሙ ባይኖር ፔርኺንም እንደ ሐርላዎቹ አንጥረኞች ስሙ በጠፋ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ በ1918 ድርጅቱ በመንግሥት ተወረሰ። ፋበርዤ በሪጋና በጀርመን በኩል ተሰዶ መስከረም 24 ቀን 1920 በስዊዘርላንድ ሎዛን አረፈ። የሶቪየት መንግሥት ብዙዎቹን እንቁላሎች ለውጭ ገዢዎች ሸጠ፤ የአንዳንዶቹም ዱካ ጠፋ። የ1887ቱን እንቁላል አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ አቅልጦ ወርቁን ለመሸጥ ገዝቶት ኖሮ፣ ማንነቱ ተለይቶ ለዓለም የተገለጸው በ2014 ነው።