ዶክተር ማክስ ፔሩትዝና የፕሮቴይን ቅርጽ

በሽታን ለማዳን አስቀድሞ የበሽታውን ምንጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ለደም ካንሰር የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶች የተገኙት፥ የፕሮቴይንን ቅርጽ ለማየት ዘመናቸውን በሰጡ ሊቃውንት ድካም ጭምር ነው። ከእነዚህም አንዱ ዶክተር ማክስ ፔሩትዝ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ፔሩትዝ በ1914 በቪየና ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካዎች ሲሆኑ ልጃቸው ሕግ እንዲማር ይመኙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ኬሚስትሪን መረጡ። በ1936 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በካምብሪጅ ምርምር ጀመሩ። በ1937ም በደም ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የተባለውን ፕሮቴይን ለማጥናት ቆረጡ።

በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ ቤተሰባቸው ሀብቱን አጣ። በ1940ም እርሳቸው ራሳቸው እንደ ጠላት አገር ሰው ተቆጥረው ታሰሩና ወደ ካናዳ ተላኩ። በ1941 ተፈትተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሥራቸው የፕሮቴይኑን ክሪስታል በኤክስሬይ እየመቱ፥ ጨረሩ ተበትኖ በፊልም ላይ የሚተወውን ነጥብ መለካት ነበር። ይሁን እንጂ ከነጥቦቹ ብቻ ቅርጹን ማወቅ አልተቻለም። በ1953 ከፕሮቴይኑ ጋር የባዘቃ አቶም በማያያዝ መፍትሔ አገኙ፤ በ1959ም የሄሞግሎቢን ቅርጽ ታወቀ። ሥራው 22 ዓመት ፈጅቶ ነበር። በ1962 ከባልደረባቸው ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን ሲይዝና ሲለቅ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዱ።

ይህ እውቀት ለሕሙማን ምን ጠቀመ? ካይኔዝ የሚባሉት ፕሮቴይኖች ለሌሎች ፕሮቴይኖች ፎስፌት እያቀበሉ በሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ኤብል የሚባለው ካይኔዝ ተበላሽቶ ትእዛዙን አያቋርጥም፤ ስለዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ ይራባሉ። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት ይህን ካይኔዝ ያግዳል። በ2000 በኤክስሬይ የተገኘው ቅርጽ፥ መድኃኒቱ ካይኔዙን የሚይዘው ሥራ ባቆመበት ቅርጹ ላይ ሳለ መሆኑን ገለጠ። በ2001 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች፤ ብዙ ሕሙማንም ኪኒኑን በየቀኑ እየዋጡ ለረጅም ዘመን ለመኖር ቻሉ። በአንዳንዶቹ ግን ካይኔዙ እንደ ገና ተለውጦ መድኃኒቱን እምቢ አለ። ሊቃውንቱም ቅርጹን ተመልክተው ይበልጥ የሚገጥም ኒሎቲኒብ የተባለ መድኃኒት ሠሩ፤ እርሱም በ2007 ተፈቀደ።

ዶክተር ፔሩትዝ የካቲት ወር 2002 በካምብሪጅ ዐረፉ። ሄሞግሎቢንን ማጥናት ሲጀምሩ ስለ ኤብል ካይኔዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኛም ተማሪዎች ከእርሳቸው ሕይወት የምንማረው ይህን ነው፤ ጥቅሙ ዛሬ ባይታይም በትዕግሥት የተሠራ ምርምር ለኋለኛው ትውልድ ሕይወት ይሆናል።